ከአባን እስከ ሾፌር

ጉለሌ የአዲስ አበባ የሰሜን በር ናት። ወደ ጎጃም የሚያቀናው አውራ ጎዳና አዲሱ ገበያን አልፎ፣ የእንጦጦን ሰንሰለት ተሻግሮ ወደ ሱሉልታ ሜዳ የሚወርደው በዚሁ በኩል ነው። በዚህ መንገድ ዳር ለኖረ ሰው አንድ ነገር ከዓይኑ አይሰወርም። አገር ለማየት የመጡ የውጭ እንግዶች የተከራዩት መኪና ዳገቱን ሲወጣ፣ መሪውን የያዘው አብዛኛውን ጊዜ የአገሩ ሰው ነው። እንግዳው ከጎኑ ወይም ከኋላው ተቀምጦ በመስኮት ባሕር ዛፉን ይመለከታል።

በብዙው ዓለም ልማዱ ሌላ ነው። ከአውሮፕላን የወረደ መንገደኛ መንጃ ፈቃዱን ያሳያል፤ ውል ይፈርማል፤ ቁልፉን ተቀብሎ በማያውቀው አገር መንገድ ላይ ብቻውን ይነዳል። በእኛ ዘንድ ራሱ የሚነዳ እንግዳ ባይጠፋም፣ አገር ለማቋረጥ የሚከራይ መኪና በአመዛኙ የሚከራየው ከነሾፌሩ ነው። ይህን የኋላ ቀርነት ምልክት አድርገው የሚቆጥሩ አሉ። መንገዱ ስለማያመች ነው፤ መኪናው ውድ ስለሆነ ባለቤቱ አያምንም ነው የሚሉት። ነገሩ እውነትነት አለው። እኔ ግን ልማዱ ከመኪናው በእጅጉ የሚያረጅ ይመስለኛል።

ነገሩን ከምሥራቅ ቆላ እንጀምረው። በሶማሌ ምድር ከባሕር ዳርቻ ወደ መሐል አገር የሚዘልቅ እንግዳ ሁሉ አስቀድሞ «አባን» ይይዝ ነበር። አባን መንገድ አሳይ ብቻ አልነበረም፤ ዋስ፣ አስታራቂ፣ አስተርጓሚና ጠባቂም ነበር። በእንግዳው ላይ የደረሰ በደል በእርሱ ላይ እንደ ደረሰ ይቆጠራል። በ1847 ዓ.ም. የዐረብ ነጋዴ መስሎ ወደ ሐረር ጉዞ የጀመረው እንግሊዛዊው ሪቻርድ በርተን እንኳ ያለ አባን አልተንቀሳቀሰም። ስለዚሁ ጉዞው የጻፈው መጽሐፍ ዛሬም ይነበባል፤ ነገር ግን ከዚያ መጽሐፍ አንባቢዎች መካከል የአባኑን ስም የሚያስታውስ ስንት ነው?

በደጋውም ሥርዓቱ በመልክ እንጂ በመንፈስ አይለይም። የንጉሥ ደብዳቤ የያዘ እንግዳ ባለፈበት ወረዳ ሁሉ ድርጎ ይወጣለታል፤ እንጀራው፣ በጉ፣ ማሩ ይቀርብለታል፤ ከአንዱ ግዛት ወደ ሌላው የሚያሻግረው መንገድ መሪ ይሰጠዋል። ደብዳቤ የሌለውም ቢሆን በቅሎ ሲከራይ እንስሳዋን ብቻ አይከራይም። የሚጭናት፣ የሚያወርዳት፣ መሻገሪያውን የሚያውቅላት ሰው አብሯት ይሄዳል። እንግዲህ ከነሰው መከራየት ያኔም የነበረ ነው።

መኪና ወደዚህ አገር የገባው ይህ ሥርዓት ገና ሕያው ሳለ ነበር። በ1900 ዓ.ም. ቤድ ቤንትሊ የተባለ እንግሊዛዊ ሲድሌይ የምትባል መኪና ይዞ ከጅቡቲ ተነሥቶ አዲስ አበባ ገባ። ብዙም ሳይቆይ አርኖልድ ሆልትስ የተባለ ጀርመናዊ ናከ የምትባል መኪናውን ይዞ ተከተለው። የምድር ባቡሩ በ1895 ዓ.ም. ድሬዳዋ ላይ ቆሞ ነበር፤ አዲስ አበባ የደረሰው በ1909 ዓ.ም. ነው። ስለዚህ በመካከሉ ያለው በረሃና ተራራ ለመኪና የተበጀ መንገድ አልነበረውም። ወንዙን ለመሻገር፣ ከአሸዋው ለመውጣት፣ ዳገቱን ለመፈንቀል ሞተሩ ብቻውን አልበቃም፤ የሚገፋና የሚጎትት የሰው ክንድ አስፈለገ። ከዚያ አስቀድሞም ሰርኪስ ተርዚያን የተባለው አርመናዊ ያስመጣትን፣ ሕዝቡ «የሰርኪስ ባቡር» ያላትን የእንፋሎት መኪና ከጠረፍ እስከ ዋና ከተማው ያደረሳት በገመድ የሚጎትት የሰው ኃይል ነበር።

ስለ ሁለቱ ጉዞዎች ሁለት መጻሕፍት ተጽፈዋል። ሆልትስ የራሱን በጀርመንኛ እ.ኤ.አ. በ1908 አሳተመ፤ የቤንትሊን ጉዞ ደግሞ ክሊፎርድ ሃሌ በእንግሊዝኛ ጽፎት እ.ኤ.አ. በ1913 ወጣ። የሁለቱም ርእስ ወደ አማርኛ ሲመለስ ከሞላ ጎደል አንድ ነው፤ «በመኪና ወደ ምኒልክ» እንደ ማለት። ይህ መገጣጠም ሁልጊዜ ይገርመኛል። የጉዞው መድረሻ ሆኖ የተጠቀሰው አገሩ ወይም ከተማው አይደለም፤ አስተናጋጁ ነው። ሁለቱም ሰዎች መኪናቸውን ራሳቸው ይዘው ቢመጡም የመጡት ወደ ባለቤት ዘንድ ነው። እንግዳ መሆናቸውን አልዘነጉም ማለት ነው። በርእሱ ላይ ግን መኪናዋም ንጉሠ ነገሥቱም ቦታ ሲያገኙ የገፊዎቹ ቦታ አልተገኘም።

የመኪናው አነዳድ እየተለመደ ሲመጣ ቋንቋችንም አብሮ ተንቀሳቀሰ። የአካላቱን ስም ከጣሊያን ወሰድን። ጎማ፣ ፍሬን፣ ፍሪሲዮን፣ ካምቢዮ፣ ባሌስትራ፣ ካንዴላ እያልን እስከ ዛሬ እንጠራቸዋለን። ሾፌርና ጋራዥ ከፈረንሳይ መጡ። ሁለት ቃላት ግን ከገዛ ቤታችን ወጡ፤ «መንዳት» እና «መሪ»። መንዳት ቀድሞ የከብትና የአህያ ነበር። መሪ ደግሞ ያው የጥንቱ መንገድ መሪ ነው። ያ ክብ ዕቃ በሌሎች ቋንቋዎች መንኰራኩር ወይም መዘወሪያ ሲባል፣ እኛ የሰው ማዕረግ ሰጠነው። ከፊት ሆኖ እንግዳውን ያሻግር የነበረው ሰው ስሙን ለዕቃው አወረሰና ራሱ ከዕቃው ኋላ ተቀመጠ።

መንገዱም ተከተለ። በጣሊያን ወረራ ዘመን ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. የመኪና መንገዶች በብዙ አቅጣጫ ተዘረጉ። ከነፃነት በኋላ የፈራረሱትን ለመጠገን ኢትዮጵያ በ1943 ዓ.ም. ከዓለም ባንክ 5 ሚሊዮን የአሜሪካ ዶላር ተበደረች። ባንኩ ለአፍሪካ አገር ካበደረው ገንዘብ የመጀመሪያው በዚያን ጊዜ የተሰጠው ነው። በዚያው ዓመት የአውራ ጎዳና ባለሥልጣን በአዋጅ ተቋቋመ። ከጉለሌ ተነሥቶ ዓባይን የሚሻገረው የጎጃም መንገድም ዘመን በዘመን እየተሻሻለ ሄዶ፣ በ2000 ዓ.ም. የመጨረሻ ቀን በጃፓን እርዳታ የተሠራው የኅዳሴ ድልድይ ተመረቀ።

በዚህ ሁሉ መካከል ለባዕድ ነጂ ልዩ ትርጉም ያለው ቀን ሰኔ 1 ቀን 1956 ዓ.ም. ነው። እስከዚያ ዕለት በኢትዮጵያ መኪና በግራ በኩል ይነዳ ነበር፤ ከዚያ ዕለት ጀምሮ ወደ ቀኝ ተዛወረ። ስዊድን ይህንኑ ለውጥ ያደረገችው ከሦስት ዓመት በኋላ ነው፤ ሱዳንም ዘግይታ እ.ኤ.አ. በ1973 ተከተለች። ኬንያ ግን እስከ ዛሬ በግራዋ ጸንታለች። ስለዚህ ከአዲስ አበባ ናይሮቢ የሚነዳ ሰው ሞያሌ ላይ ፓስፖርቱን ብቻ አይደለም የሚያሳየው፤ የእጁንና የዓይኑን ልማድ ጭምር ጠረፉ ላይ ጥሎ ያልፋል። በሰው አገር መንዳት ምን ማለት እንደሆነ ከዚህ የበለጠ የሚያስረዳ የለም። ሕጉን በአንድ ቀን መማር ይቻላል፤ ልማዱ ግን ቀን አይበቃውም።

ልማዱስ ምንድን ነው? ከጉለሌ የተነሣ ሾፌር ወደ 200 ኪሎ ሜትር ገደማ ተጉዞ ከጎሐ ጽዮን ወደ ዓባይ ሸለቆ ሲወርድ፣ ፍሬኑን ሳያግል ቁልቁለቱን በማርሽ ይይዛል። አህያ መንገድ መሐል ስትቆም የጡሩምባ ድምፅ እንደማያስነሣትና እረኛዋን መጠበቅ እንደሚሻል ያውቃል። ቀብር የሚሸኝ ሕዝብ ሲያጋጥመው ፍጥነቱን ቀንሶ ዳር ይይዛል። በጾም ቀን የት ምን እንደሚበላ፣ በገበያ ቀን የትኛው ከተማ እንደሚጨናነቅ ይለያል። «በሁለት ሰዓት እንነሣ» ሲል እንግዳው ከቀትር በኋላ እንዳይመስለው፣ በፈረንጅ አቆጣጠር የጧቱ ስምንት መሆኑን ይነግረዋል። ይህን ሁሉ የያዘ ካርታ የለም። አንድ ሰው ያውቀዋል፤ ሌላው ከእርሱ ጎን ተቀምጦ ይድናል። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ የሚለውን ተረት ሳይተርት በሥራው ያስተምራል። ከአባንነት የቀረ ነገር አለ ለማለት ያስቸግራል።

ታሪኩ በባሕር ማዶ ደግሞ ተገልብጦ ይታያል። በዋሽንግተን ዲሲ ከታክሲ ሾፌሮች መካከል ኢትዮጵያውያን ብዙ መሆናቸው የታወቀ ነው። ወገኖቻችን እንግዳ ሆነው በገቡበት ከተማ የመንገድ መሪነቱን ሥራ ያዙ። አሜሪካዊው የገዛ ዋና ከተማውን ሊጎበኝ ሲመጣ ከአውሮፕላን ጣቢያ ተቀብሎ ወደ ሆቴሉ የሚያደርሰው ምናልባት በእንጦጦ ግርጌ ያደገ ሰው ሊሆን ይችላል። በዚያ ከተማ መንገዱን በፈተና ተምሮታል፤ እንግዳ መቀበሉን ግን ከቤቱ ይዞት ሄዷል። እርሱ ራሱ ለዕረፍት አገሩ ሲመለስና መኪና ሲከራይ ደግሞ፣ ከስንት ዓመት የሾፌርነት ኑሮ በኋላ ከጎን ተቀምጦ ሌላው እንዲነዳለት ይመርጣል። ከተማው ተለውጦበታልና።

እኔን የሚያሳስበኝ አንድ ነገር ነው። የበርተን ስም ተጽፏል፤ የቤንትሊና የሆልትስ ስምም ተጽፏል። መኪናዎቹ ከነፋብሪካቸው ተመዝግበዋል። መኪናዋን ከአሸዋው ያወጧት ክንዶች ባለቤቶች ግን ማን ይባሉ ነበር? በ1956 ዓ.ም. ሰኔ 1 ቀን ጧት፣ ዕድሜ ልካቸውን በግራ ሲነዱ ኖረው በቀኝ የጀመሩት ሾፌሮች ያን ቀን እንዴት ዋሉ? የዓባይን ቁልቁለት በጠጠር ዘመን የወረዱት የጭነት መኪና ነጂዎች ምን ያዩ፣ ምን ይፈሩ፣ ለየትኛው ታቦት ይሳሉ ነበር? ከእነዚህ አንዳንዶቹ ዛሬም በየሰፈሩ፣ በጉለሌም ጭምር፣ ጡረታቸውን እየበሉ ይገኛሉ። ልጆቻቸውና የልጅ ልጆቻቸው መዝጋቢ ድምፅ ያለው ስልክ በኪሳቸው ይዘው በአጠገባቸው ያልፋሉ።

ስለ አገራችን መንገድ የተጻፈው አብዛኛው ነገር ከኋላ ወንበር የታየ ነው። ከፊት የተቀመጠው ሰው የሚለው ገና አልተጻፈም፤ እርሱም ሁልጊዜ አይጠብቀንም።