አነስተኛ የቤተሰብ ቡና እርሻ በሚዛን ተፈሪና በቴፒ

አነስተኛ የቤተሰብ ቡና እርሻ በደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ፣ በተለይ በቤንች ሸኮ ዞን (ሚዛን ተፈሪ) እና በሸካ ዞን (ቴፒ)፣ አንድ ቤተሰብ በራሱ ይዞታና በአብዛኛው በራሱ ጉልበት ቡናን ከምግብና ከቅመማ ቅመም ሰብሎች ጋር አምርቶ ለገበያ የሚያቀርብበት እርሻ ነው። በአካባቢው እንደ በበቃ ያለ 10,000 ሄክታር ገደማ የሚሸፍን ሰፊ የቡና እርሻ ቢኖርም፣ አብዛኛው የኢትዮጵያ ቡና የሚመጣው ከአነስተኛ ገበሬዎች ማሳ ነው።

መሬትና ችግኝ

በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 40 መሠረት መሬት አይሸጥም፣ አይለወጥም። ስለዚህ አዲስ እርሻ የሚጀመረው ከወላጅ በተካፈለ፣ በተወረሰ ወይም በተከራየ መሬት ላይ ነው። ኪራይ ለበቆሎ ይመቻል፤ ለቡና ግን አጭር ኪራይ አያዋጣም፤ ቡና ከተተከለ በኋላ የመጀመሪያ ፍሬ ለመስጠት ከ3 እስከ 4 ዓመት ይፈጃልና።

ችግኝ በየ2 ሜትር ርቀት ሲተከል በሄክታር 2,500 ይሆናል። በ1963 ዓ.ም. አካባቢ በኢትዮጵያ የታየውን የቡና ፍሬ በሽታ የሚቋቋሙ እንደ 74110 እና 74112 ያሉ ዝርያዎችን ያወጣው የጅማ ግብርና ምርምር ማዕከል ነው። ቴፒ ከባሕር ወለል በላይ 1,200 ሜትር አካባቢ ላይ ስለምትገኝ፣ ለደጋ የተመረጠ ዝርያ ሁሉ እዚያ አይስማማም። ለጥላ ዋንዛ፣ ሳሳና ብርብራ ይተዋሉ።

የመጠበቂያ ዓመታት

ቡናው እስኪደርስ ቤተሰቡን የሚያኖሩት ጎደሬ፣ እንሰት፣ በቆሎና ሙዝ ናቸው። ጥሬ ገንዘብ የሚያመጡት ደግሞ ኮረሪማ፣ እርድ፣ ቁንዶ በርበሬና ዝንጅብል ሲሆኑ፣ ቴፒ የቅመማ ቅመም ምርምር ማዕከል አላት። በአንድ ሰብል ላይ ብቻ መደገፍ ምን እንደሚያስከትል በ2004 ዓ.ም. ታይቷል፤ በባክቴሪያ የሚመጣ የአጠውልግ በሽታ በደቡብና በደቡብ ምዕራብ የዝንጅብል ማሳዎችን ሲያወድም፣ ከዝንጅብል ሌላ የሚሸጥ ያልነበረው ገበሬ ዘሩንም ገቢውንም አጣ።

ሽያጭ

እርሻው ንግድ የሚሆነው ቤተሰቡ ቡናውን በምን መልክ እንደሚሸጥ አስልቶ ሲወስን ነው። 5 ኪሎ እሸት ሲደርቅ 2 ኪሎ ገደማ ጀንፈል፣ ሲፈለፈል ደግሞ 1 ኪሎ ገደማ ንጹሕ ቡና ይሆናል። ስለዚህ የጀንፈል ዋጋ ከእሸቱ ዋጋ 2 ተኩል እጥፍ ካልበለጠ፣ ማድረቁ የሰው ጉልበት ማባከን ነው። በዚህ ላይ የአካባቢው ዝናብ ረጅም ነው፤ መሬት ላይ የተሰጣ ቡና ሻጋታና የአፈር ሽታ ይይዛል። የሽቦ አልጋ ወጪ ቢጠይቅም፣ ቀይ ፍሬ ብቻ ለቅሞ እርጥበቱ 11 ከመቶ ገደማ እስኪደርስ ያደረቀ ገበሬ ምርቱን አቆይቶ ሊሸጥ ይችላል።

ብዙውን ጊዜ ትርፉን የሚበላው ግን ብድር ነው። በክረምት እህል ያለቀበት ቤተሰብ ገና በዛፍ ላይ ያለ ቡናውን አስቀድሞ በርካሽ ይሸጣል፤ ለቅሞ ሲያስረክብ ዋጋው አስቀድሞ ተቆርጧል። የገበሬዎች ኅብረት ሥራ ማኅበራት የሚጠቅሙት በተለይ በዚህ ጊዜ ነው፤ የሚጠቅሙትም ቡናውን ሲረከቡ ወዲያው የሚከፍሉበት ገንዘብ ካላቸው ነው። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የተንቀሳቃሽ ንብረት ዋስትና አዋጅ ቁጥር 1147 ከብትና ሰብል ለብድር መያዣ እንዲሆኑ ፈቅዷል።

በ1952 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ሕግ በራሱ መሬት ያመረተውን የሚሸጥ ገበሬን እንደ ነጋዴ አልቆጠረውም። የጎረቤቱን ቡና ገዝቶ መሸጥ የጀመረ ቤተሰብ ግን ንግድ ውስጥ ስለገባ ፈቃድ ማውጣት ይኖርበታል፤ የቡና ግብይትም የሚመራው በ2009 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ቁጥር 1051 ነው።