ከሞንቲቼሎ ማጀት እስከ ሀች ቃሪያ

እ.ኤ.አ. ፌብሩዋሪ 6 ቀን 1802 የአሜሪካ ምክር ቤት አባልና ቄስ የነበረው ማናሴ ካትለር ከፕሬዚዳንት ቶማስ ጄፈርሰን ማዕድ ቀረበ። ከቀረቡለት ምግቦች አንዱ በፎርኖ የተጋገረ ማካሮኒ ነበር። ካትለር አልወደደውም። ውስጡ ያለውን ረጃጅም ነገር ሽንኩርት ነው ብሎ ነበር፤ ከዱቄት የተሠራ የጣሊያን ምግብ መሆኑን የነገረው የጄፈርሰን ጸሐፊ ሜሪዌዘር ሉዊስ ነው።

የፈረንሳይን የወጥ አሠራር ወደ ጄፈርሰን ቤት ያስገባው ሰው ግን በዚያ ምሽት በሕይወት አልነበረም። ስሙ ጄምስ ሄሚንግስ ነው። ጄፈርሰን በ1784 ወደ ፓሪስ ሲሄድ ይህን የ19 ዓመት ባሪያውን ሙያ እንዲማርለት ይዞት ሄደ። ሄሚንግስ ከታወቁ ባለሙያዎች ተማረ፤ ከደመወዙ ቀንሶ የፈረንሳይኛ አስተማሪ ቀጠረ፤ የቤቱም ዋና ወጥ ሠሪ ሆነ። ፈረንሳይ ሳለ ነጻነቱን በፍርድ ቤት መጠየቅ ይችል ነበር፤ ቢሆንም በ1789 ከጌታው ጋር ተመለሰ። ነጻ የወጣው በ1796 ነው፤ ያውም ወንድሙን ፒተርን አሠልጥኖ በቦታው ከተካ በኋላ። ሲለቅ የጄፈርሰን መኖሪያ የሆነውን የሞንቲቼሎን የማጀት ዕቃ በገዛ እጁ የመዘገበበት ወረቀት ዛሬም አለ። በ1801 ባልቲሞር ውስጥ በ36 ዓመቱ ሞተ።

ማካሮኒ በፎርማጆን አሜሪካ ያስገባው ጄፈርሰን ነው የሚለው ወሬ ስሕተት ነው። እንግሊዛዊቷ ኤልዛቤት ራፋልድ አሠራሩን በ1769 አሳትማዋለች። በአሜሪካም በ1824 የወጣው የሜሪ ራንዶልፍ መጽሐፍ ማካሮኒ፣ ፎርማጆና ቅቤ እየደራረቡ መጋገርን ያስተምራል።

ወደ አሜሪካ ደቡብ ምዕራብ ሲወርድ ምግቡ ቃሪያ አገኘ። የዚያን አገር ቃሪያ ያሻሻለው ፋቢያን ጋርሲያ ነው። ጋርሲያ ሜክሲኮ ተወልዶ፣ ወላጆቹን በሕፃንነቱ አጥቶ፣ ኒው ሜክሲኮ ውስጥ በአያቱ እጅ አደገ። በ1894 ከላስ ክሩሴስ የግብርና ኮሌጅ የመጀመሪያ ምሩቃን አንዱ ሆነ። የገበሬው ቃሪያ መጠኑም ማቃጠሉም ከተክል ተክል ይለያይ ስለነበር፣ ዘር እየመረጠ ዓመታት ደክሞ «ኒው ሜክሲኮ ቁጥር 9»ን አወጣ። ዛሬ ሀች በተባለችው የኒው ሜክሲኮ መንደር ዙሪያ የሚለቀመው ረጅም ቃሪያ የዚህ ሥራ ፍሬ ነው።

በዚህ ቃሪያ የሚሠራው ማካሮኒ በፎርማጆ ትዕግሥት ይፈልጋል። ቃሪያው በእሳት ተለብልቦ ልጣጩ ይገፈፋል፣ ይከተፋል። ዱቄት በቅቤ ይቁላላና ወተት ቀስ በቀስ ይገባበታል፤ ከሙንም ጣል ይደረግበታል። ሲወፍር ድስቱ ይወርዳል፤ ፎርማጆው የሚጨመረው ያኔ ነው። እየፈላ ከተጨመረ ይቋጠርና ቅቤው ይለያል። ማካሮኒው በደንብ ሳይበስል፣ ጠንከር እንዳለ ይውጣ፤ ቀሪውን ፎርኖው ይጨርሰዋል። ከቃሪያው፣ ከበቆሎና ከጥቁር ቦሎቄ ጋር ተደባልቆ በ180 ዲግሪ ላዩ እስኪቀላ ይጋገራል። የፎርማጆው ፕሮቲን የቃሪያውን ማቃጠል ስለሚይዘው ምላስ ብዙ አይለበለብም፤ ጣዕሙ ግን ይቀራል።

ይህን ምግብ በመጽሐፍም በቴሌቪዥንም የምታስተምሩ ሁሉ፣ የጄፈርሰንን ስም ስታነሡ የጄምስ ሄሚንግስን ስም አስቀድሙ፤ ቃሪያውንም ስትጨምሩ ፋቢያን ጋርሲያን አትርሱት።