የተመለሰ ዕቃ መንገድ ላይ ቢጠፋ ኪሳራው የማን ነው?



በቴሌግራምና በቲክቶክ ዕቃ መሸጥ ለብዙ እህትና ወንድሞቻችን የሪዝቅ በር ሆኗል። ከቦሌ መድኃኔዓለም አካባቢ ሱቆች የወጣ አባያ፣ ጫማ ወይም ስልክ በሞተረኛ ገርጂ፣ ሰሚትና አያት ለመድረስ ቀኑን አይፈጅም። ብዙ ጊዜ ክርክር የሚነሳው ግን ዕቃው ሲሄድ ሳይሆን ሲመለስ ነው። «ጠበበኝ»፣ «ስፌቱ ተተርትሯል» ተብሎ የተላከው ዕቃ ሻጩ ዘንድ ሳይደርስ ይጠፋል። ገዢ «ልኬያለሁ፣ ገንዘቤን» ይላል፤ ሻጭ «እጄ አልገባም» ይላል። የአንዱን ገንዘብ ያለ ሐቅ ላለመብላት መልሱን ማወቅ ግድ ነው።

ሞተረኛውን ማን ላከው?

በፊቅህ የወኪል እጅ እንደ ወካዩ እጅ ይቆጠራል። ስለዚህ «ማን አጠፋው?» ከማለት በፊት «የማን ወኪል ነበር?» ብለን እንጠይቃለን።

ሻጩ ሞተረኛ ልኮ ከሆነ፣ ገዢው ዕቃውን ባስረከበበት ሰዓት ሻጩ እንደተረከበ ይቆጠራል። ከዚያ በኋላ ቢጠፋ ኪሳራው የሻጩ ነው፤ «ሞተረኛው እስኪገኝ ታገሽ» ብሎ የገዢዋን ገንዘብ መያዝ አይችልም። የሻጭና የሞተረኛው ጉዳይ የሁለቱ ብቻ ነው።

ገዢው ራሱ ሞተረኛ ጠርቶ ከላከ ግን ዕቃው ሻጩ ወይም የሻጩ ወኪል እጅ እስኪገባ ኃላፊነቱ የገዢው ነው። በሻፊዒይ መዝሀብ የመመለሻ ወጪም በገዢው ላይ ነው፤ ሻጩ በፈቃዱ ቢሸፍነው ግን መልካም ነው።

የተመለሰበት ምክንያትም ይለያል

ዕቃው ሲሸጥ ጀምሮ ዐይብ ከነበረበት መመለስ የገዢው መብት ነው። ዕቃው በገዢው ኃላፊነት ሥር ቢጠፋ እንኳ የዐይቡ መብት ጨርሶ አይቀርም፤ ጉድለቱ ከዋጋው የሚቀንሰው ልዩነት፣ ማለትም አርሽ፣ ይታሰባል። በ3,000 ብር የተሸጠ አባያ ከነጉድለቱ 2,500 ብር የሚያወጣ ቢሆን፣ ሻጩ ቢያንስ 500 ብሩን ይመልሳል።

ዕቃው ደህና ሆኖ ገዢው ሐሳቡን ብቻ ከቀየረ ግን መመለሱ በሁለቱ ስምምነት የሚፈጸም ኢቃላ ነው። ሻጩ አይገደድም፤ ለተጸጸተ ገዢ ኢቃላ ማድረግ ግን በሐዲስ የተወደደ፣ ትልቅ ምንዳ ያለው ሥራ ነው።

የሞተረኛው ሐቅ

ዕቃው በሞተረኛው እጅ አማና ነው። በክፍያ ዕቃ የሚያደርስን ሰው ተጠያቂነት በተመለከተ ዑለማዎች ኺላፍ አላቸው። ዓሊይ (ረ.ዐ) የሰዎችን ንብረት ለመጠበቅ ሲሉ የእጅ ባለሙያዎችን ለተረከቡት ዕቃ ተጠያቂ ያደርጉ እንደነበር ተዘግቧል። ሌሎች ደግሞ ወሰን ካላለፈ ወይም ቸልተኛ ካልሆነ አይጠየቅም ይላሉ። ሳይቆልፍ ሞተሩ ላይ ጥሎ የሄደና በጉልበት የተዘረፈ ግን እኩል አይደሉም። ማስረጃ የማቅረብ ግዴታ የከሳሹ ነውና፣ ሳያጣሩ ከልጁ የቀን ገቢ መቁረጥ በደል ይሆናል።

የሀገሪቱ ሕግ

በ2006 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813 ጉድለት ያለበት ዕቃ የገዛ ሸማች በ15 ቀን ውስጥ እንዲለወጥለት ወይም ገንዘቡ እንዲመለስለት የመጠየቅ መብት ሰጥቷል። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤሌክትሮኒክ ግብይት አዋጅ ቁጥር 1205 ደግሞ ለኤሌክትሮኒክ መልእክት ሕጋዊ እውቅና ይሰጣል። ስለዚህ የቴሌግራም ንግግርና የቴሌብር ደረሰኝ አይሰረዝ።

ክርክሩን ወደ ሸሪዓ ፍርድ ቤት ለመውሰድ የሚያስቡም አሉ። በአዋጅ ቁጥር 188/1992 የፌዴራል ሸሪዓ ፍርድ ቤቶች የሚያዩት እንደ ጋብቻ፣ ውርስ፣ ስጦታና ወቅፍ ያሉ ጉዳዮችን ነው። የንግድ ክርክር በሽምግልና ካልተፈታ የሚሄደው ወደ ንግድ ቢሮ ወይም ወደ መደበኛ ፍርድ ቤት ነው።

ሞተሩ ከመነሳቱ በፊት

በቁርኣን ረጅሙ አንቀጽ፣ በቀራህ 282፣ የተወረደው ዕዳን በጽሑፍ ስለማስፈር ነው። እኛም የሚከተሉትን እንመክራለን፦

1. ሻጭ የመመለሻ ደንቡን ከሽያጩ በፊት ይጻፍ፦ ሞተረኛ ማን ይልካል? ማን ይከፍላል? ገንዘቡ በስንት ቀን ይመለሳል?
2. ገዢ ዕቃውን ከማሸጉ በፊትም በኋላም ፎቶ ያንሳ።
3. የሞተረኛው ስም፣ ስልክ፣ የሞተሩ ታርጋና የተረከበበት ሰዓት ለሻጩ በመልእክት ይላክ፤ ሻጩም «ደርሶኛል» ወይም «አልደረሰኝም» ብሎ በዚያው ቀን ይመልስ።
4. ወደ ክፍለ ሀገር ወይም ከክፍለ ሀገር ሲሆን ደረሰኝና መከታተያ ቁጥር በሚሰጥ እንደ ፖስታ ቤት ኢ.ኤም.ኤስ ባለ መንገድ ይላክ።
5. ዕቃ ከጠፋ የፍለጋ ቀነ ገደብ ይቀመጥ፤ ገደቡ ሲያልፍ ኃላፊነት ያለበት ወገን ይክፈል።

አስቀድሞ በሁለት መስመር የተጻፈ ስምምነት ከብዙ ክርክርና ከመሐላ ያድናል። ከዚህ የወጣ ጉዳይ ሲገጥም በአካባቢያችሁ ያለ ዓሊም ጠይቁ።

ወላሁ አዕለም።