ኦርቶፎቶ፦ የአየር ፎቶግራፍ ለይዞታ ማረጋገጥ ሥራ የሚሰጠው አገልግሎትና ወሰኑ

በከተማ መሬት ይዞታ ማረጋገጥና ምዝገባ ሥራ፣ የመስክ ባለሙያዎች ይዘውት የሚቀርቡት ከአየር የታየ ምስል ኦርቶፎቶ ይባላል። በቦሌም ሆነ ከቦሌና ከየካ ተከፍሎ በተመሠረተው ለሚ ኩራ ክፍለ ከተማ ብዙ ባለይዞታዎች ምስሉን እንደ አንድ ፎቶግራፍ ይመለከቱታል። ይሁን እንጂ ኦርቶፎቶ አንድ ካሜራ በአንድ ቅጽበት ያነሣው እይታ አይደለም።

አውሮፕላኑ በትይዩ መስመሮች እየተመላለሰ ሲያነሣ፣ እያንዳንዱ ፎቶግራፍ ከሚቀጥለው ጋር በተለምዶ 60 በመቶ ያህል፣ ከጎን ካለው መስመር ጋር ደግሞ ከ20 እስከ 30 በመቶ እንዲደራረብ ይደረጋል። ስለዚህ አንድ ቦታ ቢያንስ ከሁለት አቅጣጫ ይታያል። የሰው ልጅ በሁለት ዓይኖቹ ርቀትን እንደሚለይ ሁሉ፣ ኮምፒውተሩም ከእይታዎቹ ልዩነት የቦታውን ከፍታ ያሰላል። ቀጥሎም መሬት ላይ በተለኩ የመቆጣጠሪያ ነጥቦች ተመሥርቶ፣ እያንዳንዱ ቦታ በቀጥታ ከአናቱ የታየ ያህል ምስሉ እንደገና ይቀናበራል። ይህን እይታ የትኛውም ካሜራ አላነሣውም፤ ከብዙ ምስሎች ተሰልቶ የተገኘ ነው። ርቀትና ስፋት ሊለካበት የሚቻለውም በዚሁ ምክንያት ነው።

ስሌቱ የመሬቱን ከፍታ ብቻ ከወሰደ ግን ሕንፃዎች እንደተጋደሙ ይቀራሉ። ከመሬት 2,000 ሜትር ከፍ ብሎ የሚበር አውሮፕላን፣ ከሥሩ 500 ሜትር ርቆ የቆመን የ40 ሜትር ሕንፃ ቢያነሣ፣ ጣሪያው ከመሠረቱ 10 ሜትር ያህል ወደ ውጭ ተገፍቶ ይታያል። በቦሌ መንገድ ግራና ቀኝ ካሉት ፎቆች ጀርባ የሚገኝ ግቢ በዚህ ሁኔታ ሊሸፈን ይችላል። በዚያው ርቀት 2.5 ሜትር ቁመት ያለው አጥር እንኳ ጫፉ 60 ሳንቲሜትር ያህል ይዛወራል፤ ይህም በጎረቤታሞች መካከል ክርክር ለማስነሣት አያንስም። የጣሪያ ክፈፍ ግድግዳን፣ የዛፍ ቅጠልም አጥርን ይሸፍናል። ስለሆነም ባለይዞታውና አዋሳኞቹ በመስክ ተገኝተው ወሰናቸውን ማመልከታቸው በምስሉ የሚተካ ጉዳይ አይደለም። በምስሉ የማይታይ የወሰን ማዕዘን በቅየሳ መሣሪያ ሊለካ ይገባል።

ሌላው ነጥብ ጊዜን ይመለከታል። ሰነድ አልባ ይዞታዎችን ለማስተናገድ ማስረጃ ሆነው ሲያገለግሉ የቆዩት የ1988 እና የ1997 ዓ.ም. የአየር ካርታዎች፣ ፎቶግራፉ በተነሣበት ዕለት በቦታው ምን እንደነበረ ያሳያሉ። ዛሬ ሰፊ መንደር የሆኑት የቦሌ ቡልቡላና የቦሌ አራብሳ አካባቢዎች በ1988 ዓ.ም. በአብዛኛው የእርሻ መሬት ነበሩ። ምስሉ ቤት መኖር አለመኖሩን ይናገራል፤ ቤቱ የማን እንደነበር ግን አይናገርም። ለዚህ የግብር ደረሰኝ፣ ውልና ሌሎች ሰነዶች ያስፈልጋሉ።

የማረጋገጥ ውጤቱ ለሕዝብ ይፋ ሲደረግ ባለይዞታው የቁራሽ መሬቱን ቅርጽና ስፋት በእጁ ካለው ካርታ ጋር ሊያመሳክር ይገባል። ልዩነት ካገኘ በማስታወቂያው በተገለጸው ጊዜ ውስጥ ቅሬታውን በጽሑፍ ያቀርባል።