ኪስ ውስጥ የገባ ግድብ

እስቲ ጋምቤላ ክልል፣ አቦቦ አጠገብ፣ አልዌሮ ግድብ ዳር ቁጭ ብላችኋል እንበል። ደብተሩ ጭናችሁ ላይ ነው። እጃችሁ ላይ ደግሞ ቀለም የሚሞላ፣ ጫፉ ቀጭን የሆነ አዲስ ብዕር አለ፤ ብዙዎች ፋውንቴን ፔን የሚሉት ዓይነት። ከመጻፋችሁ በፊት ግድቡን እዩት። በደርግ ዘመን በሶቪየት ኅብረት እገዛ ሲሠራ፣ ወደ 10,000 ሄክታር የሚሆን መሬት በመስኖ እንዲያለማ ታስቦ ነበር። ውሃው ተጠራቀመ፤ ዓሣም ተጠመደበት። የታሰበው መስኖ ግን ለብዙ ዓመታት ሳይመጣ ቆየ። ውሃ መያዝ አንድ ነገር ነው፤ በልክ መልቀቅ ሌላ።

የብዕሩም ታሪክ እንዲሁ ነው። ሰው ቀለም የሚይዝ ዕቃ አላጣም። ያስቸገረው ቀለሙን በልክ የሚለቅ መሥራቱ ነው።

ከአገራችን እንጀምር። «ብዕር» የሚለው ቃል የመጣው ከግዕዙ «ብርዕ» ነው፤ መቃ፣ አገዳ ማለት ነው። ቁም ጸሐፊዎች መቃ ቀርጸው ጫፉን ይሰነጥቁታል። ቀለሙን ከጥላሸትና ከሙጫ አዘጋጅተው በቀንድ ያስቀምጡታል። ስንጥቁ ለምን አስፈለገ? የነጠላችሁ ጫፍ ውሃ ሲነካ እርጥበቱ በራሱ ወደ ላይ ሲወጣ አይታችሁ የለ? ፈሳሽ ጠባብ ቦታ ካገኘ ይሳባል። በስንጥቁም ቀለሙ ተስቦ ብራናው ላይ ይደርሳል። ችግሩ ጥቂት ቃላት እንደጻፋችሁ ያልቃል፤ እንደገና መንከር ነው።

ታዲያ ቀለሙን ብዕሩ ውስጥ ለምን አንጨምረውም? ሐሳቡ የቆየ ነው። በ10ኛው መቶ ዘመን የፋጢማውያኑ ኸሊፋ አል ሙዒዝ፣ እጅና ልብስ የማያበላሽ፣ ቀለሙን በሆዱ የያዘ ብዕር እንዲሠራለት እንዳዘዘ ተጽፏል። እ.ኤ.አ. በ1827 ደግሞ ፔትራኬ ፖዬናሩ የተባለ ሮማንያዊ ተማሪ ፓሪስ ውስጥ ለእንዲህ ዓይነት ብዕር የፈጠራ መብት አገኘ። ያኔም ሆነ ከዚያ በኋላ ግን ብዕሮቹ አንዴ ይደርቃሉ፣ አንዴ ወረቀቱ ላይ ይዘረግፋሉ።

ምክንያቱን ከሙሉ ጀሪካን ውሃ ስትቀዱ ታገኙታላችሁ። «ጉልግል፣ ጉልግል» እያለ ነው የሚወጣው፣ አይደል? ውሃ በወጣ ቁጥር በቦታው አየር መግባት አለበት። ብዕርም እንደዚያው። እ.ኤ.አ. በ1884 ኒው ዮርክ ውስጥ የፈጠራ መብት ያገኘው ሉዊስ ዋተርማን የተሳካለት፣ ከጫፉ ስር ቀጫጭን ቦዮች ስላደረገ ነው፤ ቀለሙ ሲወርድ አየሩ ይወጣል፣ ሁለቱም በልክ።

አሁን ጻፉበት። ብዕሩን አትጫኑት፤ ቀለሙ በራሱ ይመጣል። መጀመሪያ «ሰማ» ብላችሁ፣ ቀጥሎ «ሸማ» ብላችሁ ጻፉ። ከዚያ «ተከለ» እና «ቸከለ»። ልዩነታቸው አናታቸው ላይ ያለች ትንሽ ምልክት ብቻ ናት። አማርኛ በግዕዝ ፊደል ሲጻፍ፣ በግዕዝ ለሌሉት ድምፆች የነበሩት ፊደላት ላይ ምልክት እየተጨመረ ነው ሸ፣ ቸ፣ ኘ፣ ጀ የተገኙት። በወፍራም ጫፍ ፊደሉን አሳንሳችሁ ከጻፋችሁ ምልክቷ ትዋጣለች፤ «ሌ»ም ቀለበቷ ይደፈናል። ጃፓኖች ጭረት የበዛበትን ጽሕፈታቸውን ለመጻፍ ከአውሮፓውያኑ የቀጠነ ጫፍ መሥራታቸው ለዚህ ነው። ለእኛም ይጠቅማል። የሚቀርብን ነገር አለ፦ መቃው የሚሰጠው የወፍራምና የቀጭን መስመር ውበት።

ከጋምቤላ ስትመለሱ ደግሞ ተጠንቀቁ። ጋምቤላ ከተማ ከባሕር ጠለል በላይ 500 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ። ወደ ላይ ስትወጡ የአየር ግፊት ይቀንሳል፤ ብዕሩ ውስጥ የቀረው አየር በሩብ ያህል ሊሰፋ ይፈልጋል። መውጫው ደግሞ ጫፉ ነው፤ ቀለሙን እየገፋ ሸሚዛችሁ ላይ ያወጣዋል። መፍትሔው ቀላል ነው፦ ወይ ሙሉ በሙሉ ሙሉት፣ ወይ ባዶ አድርጉት፤ ጫፉንም ወደ ላይ አቁሙት። አየር ካነሰ የሚገፋም ያንሳል።

አንድ ፈተና ቀረ። የጻፋችሁት ከደረቀ በኋላ አንድ ጠብታ ከግድቡ ውሃ ጣሉበት። የብዙ ፋውንቴን ፔኖች ቀለም ውሃ ውስጥ የሟሟ ማቅለሚያ ስለሆነ ይፈስሳል። ጥላሸት ግን አይሟሟም፤ ብርሃንም አያደበዝዘውም። አድዋ አካባቢ ባለው የአባ ገሪማ ገዳም የሚገኙት ወንጌሎች ብራናቸው በካርቦን ሲመረመር ከ4ኛው እስከ 7ኛው መቶ ዘመን ባለው ጊዜ ውስጥ የተዘጋጀ ሆኖ ተገኝቷል፤ ዛሬም ይነበባሉ። ታዲያ የቁም ጸሐፊውን ቀለም ብዕራችሁ ውስጥ እንዳትሞሉት! ጥላሸቱና ሙጫው እነዚያን ቀጫጭን ቦዮች ይደፍናቸዋል። ለፋውንቴን ፔን ተብሎ የተዘጋጀ፣ ውሃ የማያስለቅቀው ቀለም አለ፤ እሱን ፈልጉ።

የሒሳብ የቤት ሥራ ቢፈስስ ግድ የለም፣ ትደግሙታላችሁ። አያታችሁ ያጫወቷችሁን የቤተሰብ ታሪክ ግን ማን ይደግመዋል? እሱን ከመጻፋችሁ በፊት ጠብታዋን ሞክሩ።