በጋይንት ሰማይና በጋይንት ምድር

ከባሕር ዳር አይሮፕላን ማረፊያ ተነሥቶ ወደ ላሊበላ አይሮፕላን ማረፊያ በቀጥታ የሚበር መንገደኛ፥ ደብረ ታቦርን በግራው፥ ነፋስ መውጫን በቀኙ ትቶ በጋይንት ሰማይ ላይ ያልፋል። ርቀቱ በቀጥታ መስመር ሲለካ 185 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። የኢትዮጵያ አየር መንገድ በ1938 ዓ.ም. ሥራ የጀመረባቸው የዳግላስ አይሮፕላኖች በሰዓት 270 ኪሎ ሜትር ያህል ይበሩ ስለ ነበር፥ ይህን ርቀት በአርባ ደቂቃ ግድም ይፈጽሙት ነበር ማለት ነው። በመኪና ግን በደብረ ታቦር፥ በነፋስ መውጫና በጋሸና ስለሚዞር መንገዱ 300 ኪሎ ሜትር ገደማ ይሆናል።

የልዩነቱ ምክንያት የአገሩ አቀማመጥ ነው። ጋይንት፥ ስማዳና እስቴ ከአየር ላይ ሲታዩ አንድ የተዘረጋ ደጋ ይመስላሉ። ነገር ግን እስቴን በደቡብ ዓባይ፥ ስማዳን ዓባይና በሽሎ እየከበቡት፥ ደጋው በባሕር መካከል እንዳለ ደሴት በገደል ታጥሮ ይኖራል። ከደሴት ወደ ደሴት በጀልባ ይኬዳል፤ እዚህ ያለው ግን ቁልቁለትና ዐቀበት ብቻ ነው። እኛ የመሥሪያ ቤት ሰዎች ካርታ ዘርግተን በማስመሪያ ከለካን በኋላ «ቅርብ ነው» ማለት ልማዳችን ነው።

ይህን ስሕተት ከሁሉ አብልጦ የሚገልጠው የዐፄ ቴዎድሮስ የመጨረሻ ጉዞ ነው። በጋፋት የነበሩ አውሮፓውያን ባለ እጆች ያቀለጡት ሴባስቶፖል የተባለው መድፍ ወደ 70 ኩንታል ይመዝን ነበር። ንጉሠ ነገሥቱ በ1860 ዓ.ም. በጥቅምት መጀመሪያ መድፉን አስይዘው ከደብረ ታቦር ተነሡ፤ በጋይንት አልፈው፥ የዘቢጥን ዐቀበት ወጥተው፥ በቤተ ሖር በኩል የጅዳን ገደል ተሻግረው፥ ከደላንታ ወደ በሽሎ ወርደው መቅደላ የደረሱት በመጋቢት ነው። ሰረገላውን የሚስቡት በመቶ የሚቆጠሩ ሰዎች ነበሩ። መንገድ ስላልነበረም ዐለቱ እየተፈለጠ፥ ገደሉ እየተደለደለ፥ ንጉሡም ራሳቸው ከሠራተኛው ጋር ድንጋይ እያነሡ ነበር የተጓዙት።

ከደብረ ታቦር እስከ መቅደላ በቀጥታ መስመር ያለው ርቀት 160 ኪሎ ሜትር አይሞላም። ለዳግላሱ ይህ ከአርባ ደቂቃ ያነሰ በረራ ነበር፤ ለሴባስቶፖል ግን አምስት ወር ተኩል ሆነ። ለቀን ሲካፈል አንድ ኪሎ ሜትር እንኳ አይደርስም። ሆኖም ይህን ዝግታ እንደ ድካም ብቻ ልናየው አይገባም፤ በእኔ አስተያየት በዚያ ዘመን በዚያ ምድር ላይ ከተሠሩት ሥራዎች ሁሉ የሚበልጠው እርሱ ነው። ያ ሁሉ ድካም ያለቀው ሚያዝያ 6 ቀን በንጉሡ ሞት ነበር።

ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በ1964 ዓ.ም. ቻይናን ከጐበኙ በኋላ፥ ቻይናውያን ከወረታ እስከ ወልድያ የሠሩት መንገድ በጋይንት አልፎ ከዚያው ከጥንቱ ጉዞ አቅጣጫ ብዙም ሳይርቅ ያልፋል። አዲስ አበባ ላይ የምናየው መድፍ ምስሉ ነው፤ ሴባስቶፖል ራሱ ዛሬም መቅደላ ላይ ተቀምጧል።