ጥለቱን የሚወስነው ክሩ ነው

ከጎተራ ወደ ቃሊቲ በሚወስደው መንገድ ሳሪስ ሲደረስ «አደይ አበባ ላይ ወራጅ አለ» የሚል ተሳፋሪ አይጠፋም። ሰፈሩ የሚጠራው በክር ፋብሪካው ስም ነው። ስለ ሀገር ባህል ልብስ ሲጻፍ ግን ሳሪስን የሚያነሳ የለም፤ የሚነሱት ሽሮ ሜዳ፣ ዶርዜና ጎንደር ናቸው። የሸማኔው እጅ ይወደሳል፣ ጥበቡ ይተረካል፤ ክሩ ከየት መጣ፣ ማንስ መረጠው የሚለው ጥያቄ ይዘለላል። በእኔ እምነት ይህን ጥያቄ የዘለለ ሰው የታሪኩን ዋና ክፍል ነው የዘለለው። ሸማኔ ንድፉን አስቀድሞ አስቦ ክር ያፈላለገበት ጊዜ የለም አልልም። አብዛኛውን ጊዜ ግን የሆነው ተቃራኒው ነው፤ ገበያው አንድ ዓይነት ክር ያመጣል፣ ያ ክር የሚፈቅደው ጥለት ይወለዳል፣ ከአንድ ትውልድ በኋላ «የአባቶቻችን ልብስ» ይባላል።

ፋብሪካ ከመምጣቱ በፊት የነበረውን ሸማ እንመልከት። ነጩ የሚሠራው ከሀገር ጥጥ ነው። ሴቶች ጥጡን ዳምጠው፣ በደጋን ነድፈው፣ አመልማሎውን ጠቅልለው በእንዝርት ይፈትሉታል፤ ልቃቂቱ ሸማኔው ዘንድ ይሄዳል። ዳሩ ላይ የሚታየው ቀይ ወይም ሰማያዊ ግን ሌላ መንገድ የመጣ ነው። ታጥቦ የማይለቅ ደማቅ ቀለም እንደ ልብ አይገኝም ነበርና ሸማኔዎች ከባሕር ማዶ የገባ ባለቀለም ጨርቅ ገዝተው፣ ክሩን አንድ በአንድ ተርትረው አውጥተው፣ በሸማው ጠርዝ መልሰው ይሸምኑት ነበር። እዚህ ላይ ቆም ማለት ይገባል። ዛሬ የሀገር ምልክት አድርገን የምናየው ጥለት የተሠራው ሌላ አገር የተሸመነ ጨርቅ ፈርሶ በወጣ ክር ነው። ጃኖ የሚባለው ሰፊ ቀይ ጥለት ያለው ሸማ የመኳንንት ልብስ የሆነበት አንዱ ምክንያትም ይኸው ይመስለኛል፤ ያን ያህል ቀይ ክር ለማግኘት ብዙ ጨርቅ መግዛትና መተርተር ያስፈልጋልና ተራ ሰው አይችለውም። በ1860 ዓ.ም. ከመቅደላ ተዘርፎ ዛሬ በብሪቲሽ ሙዚየም ያለውን፣ ከንጉሥ በካፋና ከእቴጌ ምንትዋብ ጋር የሚያያዘውን ታላቅ የቤተ ክርስቲያን መጋረጃ ብንወስድም ሥራው የጎንደር ነው፤ ሐሩ ግን ከውጭ የመጣ ነው።

አዲስ አበባ በ1879 ዓ.ም. ከተቆረቆረች በኋላ ነገሩ ፈጠነ። የጋሞ ደጋ ሰዎች ወደ ዋና ከተማዋ መጥተው ሽመናን መተዳደሪያቸው አደረጉ። በ1909 ዓ.ም. ባቡር ከጅቡቲ አዲስ አበባ ሲደርስ ደግሞ የሕንድ ክር በብዛት መግባት ቻለ። ሸማኔው ይህን ክር የት ላይ እንዳዋለው ማየት ብዙ ያስተምራል። ድር ተወጥሮ የሚውል ነው፤ መርገጫው በተረገጠ ቁጥር ይነሳል፣ ይወርዳል፣ ይፋተጋል። በእጅ የተፈተለ ክር አንዱ ቦታ ቀጭን፣ አንዱ ቦታ ወፍራም ስለሚሆን ቀጭኑ ላይ ይበጠሳል፤ ሸማኔውም የቀኑን ግማሽ ሲቀጥል ይውላል። ማግ ግን በቀሰም ተጠቅልሎ በመወርወሪያ ስለሚያልፍ ብዙ ጉልበት አያርፍበትም። ስለዚህ የፋብሪካ ክር መጀመሪያ የገባው ድሩ ላይ ነው፤ ማጉ ፈትል ሆኖ ቆየ። በዚህ ለውጥ ጥበቡም አብሮ ተለወጠ። ጥበብ የሚጣለው ድሩ በጣት እየተቆጠረ፣ ባለቀለሙ ክር በመካከል እየገባ ነው። የድሩ ውፍረት ወጥ ካልሆነ ተመሳሳይ ቁጥር የተቆጠረለት ቅርጽ በአንድ በኩል ሰፍቶ በሌላው ይጠባል። ወጥ ድር ሲገኝ ግን ውስብስብና ሰፋፊ ንድፍ መጣል ተቻለ። ዛሬ በሙሽራ ቀሚስ ላይ የምናደንቀው ድርብርብ ጥበብ ባለውለታው የሸማኔው ችሎታ ብቻ አይደለም።

ከዚያ የሀገር ውስጥ ፋብሪካዎች ተከተሉ፤ ድሬዳዋ በጣሊያን ዘመን፣ በኋላ ባሕር ዳር፣ አቃቂ፣ የሳሪሱ አደይ አበባም። በደርግ ጊዜ ሸማኔዎች በኅብረት ሥራ ማኅበር ሲደራጁ ክር በኮታ ይታደል ነበር፤ ምን ዓይነት ክር እንደሚሸመን የሚወስነው እደላው እንጂ የሸማኔው ፍላጎት አልነበረም።

ይህን ሁሉ የሚቃወም አንባቢ እንደሚኖር አውቃለሁ። እውነተኛው የሀገር ልብስ ፈትል ብቻ ነው፣ የፋብሪካ ክር ማበላሸት ነው ይላል። ለፈትል ያለውን ፍቅር እጋራለሁ፤ ለስላሳነቱንና ሙቀቱን የሚተካ የለም። ሆኖም ክርክሩ ማስረጃ ፊት አይቆምም። ፈትል ተብሎ የሚሸጠው ጋቢ ድሩ ብዙውን ጊዜ የፋብሪካ ነው። ጥለቱ ከጥንትም ከውጭ በመጣ ክር የተሠራ ነው። ገዢው ራሱ ሱቅ ሲገባ «ፈትል ነው? መነን ነው? ወይስ ሳባ?» ብሎ የክሩን ዓይነት ይጠይቃል፤ ልብሱን የሚለየውና ዋጋ የሚሰጠው በክሩ ነው ማለት ነው። በየቤቱ ሶፋና ቴሌቪዥን ላይ የሚነጠፈው ዳንቴልም እንዲሁ ነው። በኪሮሽ የሚሠራው ወጥና ጥብቅ ሆኖ በተገመደ የፋብሪካ ክር ነው፤ ያለዚያ ክር ሙያው ራሱ አይኖርም ነበር፤ ግን ከእናት ለልጅ የሚተላለፍ የቤት ሙያ መሆኑን የሚክድ የለም።

የሚከብደው ተቃውሞ ሌላ ነው፤ የፈታዮቹ ጉዳይ። አንድ ነጠላ የሚሆን ክር መፍተል ብዙ ቀን ይፈጃል፤ ይህ ሥራ ደግሞ ከቤት ሳይወጡ፣ ልጅ እያሳደጉ ገንዘብ የሚያገኙበት የሴቶች ሥራ ነው። የፋብሪካ ክር ሸማኔውን ፈትል ከመጠበቅ ሲያወጣ ከፈታይዋ እጅ ገቢ ወሰደ። ይህን በዕድገት ስም ማለፍ አልችልም። ነገር ግን ፈታይዋን የጎዳው ክሩ መቀላቀሉ ብቻ ሳይሆን መደበቁም ነው። ግማሹ የፋብሪካ የሆነው ጋቢ በሙሉ ፈትል ዋጋና ስም እስከተሸጠ ድረስ፣ ሙሉ ፈትል የሆነው ለብቻው ተለይቶ የሚገባውን ዋጋ አያገኝም። ነጋዴው «ድሩ የፋብሪካ፣ ማጉ ፈትል» ብሎ ቢሸጥ ፈታይዋ የምትከራከርበት ነገር ይኖራታል።

ሁሉም ከውጭ ከመጣ፣ በማሽን ታትሞ በጥቅል የሚገባው ጥበብ መሰል ጨርቅ ለምን ይነቀፋል የሚልም አለ። ልዩነቱ የጨርቁ አገር አይደለም። የጥንቱ ሸማኔ ባዕድ ጨርቅ ሲተረትር፣ የሽሮ ሜዳው አዲስ ክር ሲሞክር፣ ክሩ ምን እንደሚሆን የሚወስኑት እነሱ ነበሩ። የታተመው ጨርቅ ላይ ግን ቅርጹም ቀለሙም አልቆ ነው የሚመጣው፤ እዚህ የሚቀረው መቁረጥና መስፋት ብቻ ነው፤ ድር የሚቆጥር ጣት አያስፈልገውም።